ከአዳማ ሆኖ የሕንዶችን ቀን መቁጠሪያ ለማንበብ

አዳማ ውስጥ ከሕንዳውያን ጋር የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። ፋብሪካ ያለው ቴክኒሻን፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው መምህር፣ አዳራሽ የሚያከራየው፣ ዲኮር የሚሠራው፣ ቤት የሚያገናኘው ደላላ ሳይቀር የሆነ ቀን ላይ ይህ ይገጥመዋል። የቤት ቁልፍ ለመረካከብ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትቀጣጠራላችሁ። ሰውየው ስልኩን ያያል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ "ከ3፡35 በኋላ ብናደርገውስ?" ይላል። ስብሰባ ኖሮበት አይደለም። ፓንቻንግ አይቶ ነው።

ፓንቻንግ የሂንዱዎች ባህላዊ የቀን መቁጠሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አምስት ነገር ይናገራል፦ የሳምንቱን ቀን፣ ቲቲ፣ ናክሻትራ፣ ዮጋ እና ካራና የሚባሉትን። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው "ይህ ሰዓት ጥሩ ነው፣ ያኛው ይለፈን" የሚባለው። እኔ የተማርኩት ሥራዬ ከድግስና ከአዳራሽ ጋር ስለሆነ እንጂ በገድ ስለማምን አይደለም። እናንተም ማመን አይጠበቅባችሁም። ሒሳቡን ካወቃችሁ ግን ቀጠሮ አይፋለስባችሁም፣ ደንበኛም አይቀየማችሁም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ደስ ይላል።

ከፀሐይ መውጫ ተነሱ

የመጀመሪያው ነገር ለፈረንጅ ይከብድ ይሆናል፣ ለእኛ ቀላል ነው። በፓንቻንግ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ስትወጣ ነው። የሚያልቀውም በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ። ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተወለደ ልጅ በእነሱ ቆጠራ የቅዳሜ ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የፓንቻንግ አፖች ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለውን ሰዓት 25፡30 ወይም 26፡10 እያሉ ይጽፉታል። ስልካችሁ አልተበላሸም። 25፡30 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው፣ ቀኑ ግን ገና አልተለወጠም ማለታቸው ነው።

የሳምንቱ ቀናት እንደ እኛው ሰባት ናቸው። እሁድ የፀሐይ፣ ሰኞ የጨረቃ፣ ማክሰኞ የማርስ፣ ረቡዕ የሜርኩሪ፣ ሐሙስ የጁፒተር፣ ዓርብ የቬነስ፣ ቅዳሜ የሳተርን ነው። ለመክፈቻ፣ ለግዢ፣ ለደስታ ነገር ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ይወደዳሉ። ማክሰኞንና ቅዳሜን ብዙ ሰው ይሸሻቸዋል። አዳራሽ የምታከራዩ ልብ በሉ፦ ሕንዳዊ ደንበኛ ቅዳሜን ትቶ ሐሙስን ቢጠይቃችሁ ቅናሽ ፈልጎ እንዳይመስላችሁ።

ቲቲ ላይ ጊዜ ስጡ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ፀሐይ ከከዋክብቱ አንጻር በቀን 1 ዲግሪ ገደማ ትጓዛለች፣ ጨረቃ ደግሞ 13 ገደማ። ስለዚህ ጨረቃ በየቀኑ ፀሐይን በ12 ዲግሪ ያህል ትቀድማታለች። ይህች 12 ዲግሪ አንድ ቲቲ ናት። 360ን ለ12 ስታካፍሉ 30 ይመጣል፣ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲ አለ ማለት ነው። ጨረቃ እየሞላች የምትሄድባቸው 15ቱ ሹክላ ፓክሻ ይባላሉ፣ መጨረሻቸው ፑርኒማ፣ ሙሉ ጨረቃ። እየጎደለች የምትሄድባቸው 15ቱ ክሪሽና ፓክሻ ናቸው፣ መጨረሻቸው አማቫስያ፣ ጨረቃ ጭራሽ የማትታይበት።

ጨረቃ ግን ፍጥነቷ እኩል አይደለም። ወደ መሬት ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። አንዱ ቲቲ 20 ሰዓት አካባቢ ላይ ሲያልቅ ሌላው እስከ 26 ሰዓት ይጎተታል። የሚጀምረውም ጠዋት ላይ ብቻ አይደለም፣ ምሳ ሰዓት ላይም፣ እኩለ ሌሊት ላይም ሊጀምር ይችላል። ታዲያ ቀኑ በየትኛው ይጠራል? ፀሐይ ስትወጣ በነበረው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢያልቅ እንኳ ቀኑ የእሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ጉድ ይወለዳል። አንድ ረጅም ቲቲ ሁለት የፀሐይ መውጫ ይዞ ካለፈ ያው ቁጥር ሁለት ቀን ይደገማል። አጭር ቲቲ ደግሞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምሮ በማግስቱ ሳትወጣ ካለቀ ከቆጠራው ይዘለላል። ስለዚህ ካላንደሩ ላይ ከ9 ወደ 11 ሲዘል ብታዩ የማተሚያ ስህተት አይደለም።

በተግባር ብዙ የምትገናኙት 11ኛው ቲቲ ነው፣ ኤካዳሺ። በየወሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አጥባቂ የሆኑት ይጾሙበታል። ጾሙ ከእኛ ይለያል፦ እህልና ጥራጥሬ አይበላም፣ ወተትና ፍራፍሬ ግን ይቻላል። ስለዚህ "የጾም ነው፣ ችግር የለውም" ብላችሁ በየዓይነቱ ብታቀርቡ እንጀራውም ሽሮውም ምስሩም አይሆንም። ድንች፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ወተት አቅርቡ። የምሳ ግብዣ ከማሰባችሁ በፊት ይህችን ማየት ብዙ ያድናል።

ቀሪዎቹን ሦስቱን በአንድ ምሳሌ እንያቸው

ናክሻትራ ጨረቃ ያለችበት የሰማይ ክፍል ነው። ሰማዩ ለ27 ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ (በአስርዮሽ 13.33 ዲግሪ) ይሆናል፣ ጨረቃ በአንዱ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ትቆያለች። የመጀመሪያው አሽዊኒ፣ የመጨረሻው ሬቫቲ ይባላል። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ሮሂኒና ሃስታ ለሠርግ ይመረጣሉ። ፑሽያ ወርቅ ለመግዛት እጅግ ተፈላጊ ነው፣ ለሠርግ ግን አይሆንም፣ ይህን ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ዮጋ ደግሞ የፀሐይንና የጨረቃን ዲግሪ ደምራችሁ ለ13 ከ20 ስታካፍሉ የሚመጣው ነው፣ እሱም 27 ነው። ካራና የቲቲ ግማሽ ነው፣ 6 ዲግሪ። 11 ዓይነት አለው፣ ከእነሱ መሀል ቪሽቲ ወይም ባድራ የሚባለው አዲስ ነገር አይጀመርበትም።

አሁን እርሳስ አንሡ። ፀሐይ 40 ዲግሪ ላይ ናት እንበል፣ በእኛ የኮከብ አጠራር ሰውር ውስጥ። ጨረቃ 175 ላይ፣ ሰንቡላ ውስጥ። (በፓንቻንግ ዲግሪው የሚቆጠረው ከሐመል መጀመሪያ ነው።) ከጨረቃው የፀሐይን ቀንሱ፣ 135። የጨረቃው ካነሰ መጀመሪያ 360 ደምሩበት። 135ን ለ12 ስታካፍሉ 11 ሙሉ ቲቲ አልፎ 12ኛው ውስጥ ገብታችኋል። ለ6 ስታካፍሉ 22 ሙሉ አልፎ 23ኛው ካራና ላይ ናችሁ፣ ባቫ ይባላል፣ ጥሩ ነው። ናክሻትራው 175 ለ13.33፣ 14ኛው፣ ቺትራ። እስካሁን ሁሉም ሰላም። ዮጋው ላይ 40 ሲደመር 175፣ 215፣ ለ13.33 ሲካፈል 17ኛው ይመጣል። 17ኛው ቪያቲፓታ ነው። ከ27ቱ ዮጋዎች በጣም ከሚፈሩት ሁለቱ እሱና የመጨረሻው ቫይድሪቲ ናቸው። ሦስቱ ተስማምተው አንዱ አበላሸው፣ ቀኑ ተሰረዘ። ደንበኛችሁ "ቀኑ ጥሩ ነበር ግን አልሆነም" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

የራሁን ሰዓት በአዳማ ፀሐይ አስሉ

ሰኞ ከ3፡35 በኋላ ያለው ሰውዬ እዚህ ይገባል። ራሁ አካል ያለው ፕላኔት አይደለም፣ የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥበት ነጥብ ነው፣ ግርዶሽ የሚሆነውም እዚያ አካባቢ ሲገናኙ ነው። በየቀኑ የእሱ የሚባል ሰዓት አለ፣ ራሁ ካላ ይሉታል፣ በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም።

አሠራሩ ይህ ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ 8 እኩል ቦታ ክፈሉ። ሰኞ 2ኛው፣ ቅዳሜ 3ኛው፣ ዓርብ 4ኛው፣ ረቡዕ 5ኛው፣ ሐሙስ 6ኛው፣ ማክሰኞ 7ኛው፣ እሁድ 8ኛው የራሁ ነው። 1ኛውን በየትኛውም ቀን አይወስደውም፣ ስለዚህ በማለዳ የሚጀምር ሰው ከራሁ ነፃ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ሠንጠረዥ ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ወጥታ ልክ 12 ሰዓት ትጠልቃለች ብሎ የተሠራ ነው። በእሱ ሰኞ ከ1፡30 እስከ 3፡00 ይሆናል። አዳማ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰዓታችን የሚለካው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ አዳማ ያለችው 39 ዲግሪ ላይ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይዋ ከሰዓቱ በአማካይ 23 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። መውጫዋ በዓመቱ ውስጥ ከ12፡05 እስከ 12፡45 ገደማ ይዋልላል። በገና ሰሞን ለምሳሌ 12፡40 አካባቢ ወጥታ ማታ 12፡20 አካባቢ ትጠልቃለች። ይህ 700 ደቂቃ ነው። ለ8 ሲካፈል 87 ደቂቃ ተኩል። ከ12፡40 አንድ ክፍል ስትቆጥሩ 2፡07 አለፍ ይላል፣ ሁለተኛው 3፡35 ላይ ያልቃል። በቃ፣ የሰውየው ሰዓት ይኸው። በኢንተርኔቱ ሠንጠረዥ ሄዳችሁ 3፡05 ላይ ቁልፍ ብትሰጡት ኖሮ ለእሱ ራሁ መሀል ነበር።

አንድ ማምለጫ አለ። ራሁ የሚከለክለው መጀመርን ነው፣ የተጀመረውን መቀጠልን አይደለም። ቀብድ ወይም ፊርማ ከ2 ሰዓት በፊት ካለቀ ቀሪው ሥራ በራሁ ሰዓትም ቢሠራ ቅር አይላቸውም።

ጥሩ ሰዓት ሲፈለግ ደግሞ ያንኑ የቀን ብርሃን ለ15 ታካፍላላችሁ። እያንዳንዱ ሙሁርታ ይባላል፣ መሠረቱ 48 ደቂቃ ነው፣ እንደ ወቅቱ ያጥራል ይረዝማል። 8ኛው፣ ልክ ቀትርን መሀሉ ያደረገው፣ አብሂጂት ነው፣ ሌላ ጥሩ ሰዓት ሲጠፋ እሱን ይይዛሉ። በገናው ምሳሌ ከ6፡07 እስከ 6፡53 ይሆናል። ረቡዕ ቀን ግን አይጠቀሙበትም። ለጸሎትና ለጥናት የሚመርጡት ብራህማ ሙሁርታን ነው፣ ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ በፊት ጀምሮ 48 ደቂቃ ሲቀር ያልቃል። በዚያው በገና ሰሞን ከንጋቱ 11፡04 እስከ 11፡52 ማለት ነው። ጉጃራቶች (ምዕራብ ሕንድ ካለው ከጉጃራት ክልል የመጡት) ደግሞ ቾጋዲያ የሚባል የራሳቸው አላቸው፣ ቀኑን ለ8 ሌሊቱን ለ8 ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም ይሰጡታል። አምሪት፣ ሹብ፣ ላብ ከተባለ ግቡበት፤ ሮግ፣ ካል፣ ኡድቬግ ከተባለ ተዉት።

ለዴልሂ የተሠራ ለአዳማ አይሆንም

ይህን ብዙ ሕንዳውያን ራሳቸው ይዘነጉታል። ቲቲ የሚለወጥበት ቅጽበት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ ምክንያቱም የፀሐይና የጨረቃ ጉዳይ ነው። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ ስለዚህ እዚያ የተጻፈውን የቲቲ መለወጫ ሰዓት 2፡30 ቀንሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የፀሐይ መውጫ ግን የየከተማው ነው። እሱን ቀንሶ ማግኘት አይቻልም።

ሰኔ 2018ን ተመልከቱ። ሰኔ 8 ቀን ጨረቃና ፀሐይ የሚገጥሙት በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11፡54 አካባቢ ነው፣ አማቫስያ የሚያበቃው ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን አዳማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12፡05 አካባቢ ነው። በጥቂት ደቂቃ ተቀድማለች። ስለዚህ አዳማ ላይ ሰኔ 8 የአዲሱ ወር 1ኛ ቀን ይሆናል። ዴልሂ ውስጥ ፀሐይ የወጣችው ከዚያ ሰዓታት ቀድማ፣ አማቫስያው ገና ሳያልቅ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ያው ዕለት አማቫስያ ነው። በዚያ ላይ አማቫስያው የጀመረው ሰኔ 7 ቀን አዳማ ላይ ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ከሆነ በኋላ ነው። ሁለቱንም የፀሐይ መውጫ አመለጠው። አዳማ ላይ የተዘለለ ቲቲ ነው፣ ዴልሂ ላይ ደግሞ ሙሉ ቀን አለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አፑ ላይ ከተማውን ቀይሩ። "አዳማ" ካጣችሁ "ናዝሬት" ብላችሁ ፈልጉ፣ አንዳንዱ ገና በድሮው ስም ነው የያዘው። እሱም ከሌለ አዲስ አበባን ምረጡ፣ የፀሐይ መውጫ ልዩነቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ የመጣላችሁን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ለማድረግ 6 መቀነስ እንዳትረሱ።

በዓላት ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዲዋሊ የሚከበረው አማቫስያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሚገኝበት ማታ ነው እንጂ በጠዋቱ አይደለም። በ2017 ሕንድ ውስጥ ጥቅምት 21 ነው ወይስ 22 የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፣ ምክንያቱም አማቫስያው በሁለቱም ቀን ወደ ማታ ይደርሳል። አዳማ ላይ ክርክርም አያስፈልግም ነበር፦ ጥቅምት 22 ከቀኑ 9፡47 ላይ አልቋል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ስለዚህ 21።

ለሠርግና ለቤት ምርቃት ቀን ከመስጠታችሁ በፊት

12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነው፣ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህችን 11 ያውቃታል፣ አበቅቴ የሚነሣው ከእሷ ነው። የ19 ዓመቱ ዙርም ያው ነው። ሂንዱዎች ልዩነቱን የሚያርሙት በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ሙሉ ወር በመጨመር ነው። የትኛው ወር እንደሚጨመር ሰው አይወስንም፦ ፀሐይ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ሳትሻገር ያለቀ የጨረቃ ወር ተጨማሪው እሱ ነው። አዲካ ማሳ ይሉታል። በእሱ ውስጥ ሠርግም የቤት ምርቃትም አይደረግም። በ2018 ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ድረስ ያለው እንዲህ ያለ ወር ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የእኛ የሠርግ ሰሞን ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ "ግንቦት ላይ ክፍት ቀን አለኝ" ብላችሁ አትጓጉ።

ሌሎች ሁለት የተዘጉ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ፀሐይ ቀውስ በሚባለው ኮከብ ውስጥ የምትሆንበት፣ ከታኅሣሥ 7 እስከ ጥር 6 አካባቢ ነው፣ በተለይ የሰሜን ሰዎች ይጠብቁታል። ጥር 6 አካባቢ ፀሐይ ጀዲ ስትገባ ማካር ሳንክራንቲ ይከበራል፣ በሩም ይከፈታል፣ ከጥምቀት በኋላ ከሚመጣው የእኛ ሠርግ ጋር መጋፋት እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ከክረምት እስከ ጥቅምትና ኅዳር የሚዘልቀው አራት ወር ነው፣ ቻቱርማስ ይባላል።

ፋብሪካ ላላችሁ ደግሞ መስከረም 7 አካባቢን ያዙ። ፀሐይ ሰንቡላ የምትገባበት ቀን ነው፣ የእደ ጥበብ አምላካቸው የቪሽዋካርማ በዓል። ማሽኖቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ይጠረጋሉ፣ አበባ ይንጠለጠልባቸዋል፣ ቀይ ነጥብ ይደረግባቸዋል። በዚያ ቀን ፈረቃ የሚያወጣ ኃላፊ ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከዚያ ውጪ ቀን ስትሰጡ አንድ ብቻ አትስጡ፣ ሦስት አራት አማራጭ ላኩ፣ በፈረንጅ ቀን፣ ከጎኑ የእኛን ጨምራችሁ። "ለአዳማ የተሰላ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ይላቸዋል። ሰሜንና ደቡብ የወር ስም ላይ ቢለያዩባችሁ አትደናገጡ፦ የሰሜኑ ወሩን ሙሉ ጨረቃ ላይ ይዘጋል፣ የጉጃራትና የደቡቡ አማቫስያ ላይ፣ ስለዚህ አንዱ ዲዋሊን በካርቲካ ወር ሲጽፍ ሌላው በአሽዊን ይጽፈዋል፣ ሌሊቱ ግን ያው አንድ ነው። የጥሪ ካርድ የምታሳትሙ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን አትንኩ። በእኛ ጥር 2018 ላይ በቪክራም አቆጣጠር 2082፣ በሻካ 1947 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ማተሚያ ቤቱ "አስተካከልኩላችሁ" ብሎ እንዳይቀይረው ንገሩት።